ከጥላ ሥር ሆኖ አረም መቁረጥ

ሰኔ ገብቷል። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ቤት ይውላሉ፤ ስልኩም ከእጃቸው አይወርድም። በእነዚሁ ሁለት ወራት ዝናብ የጠገበ ግቢ ሁሉ አረም ያበቅላል። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ሌላ ከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ያሉበት፣ ለአረፋም ሆነ ለመስቀል የምንሰባሰብበት ሰፊ ግቢ በአንድ የትውልድ ከተማ አለን። በዚህ ወር ዓምዳችን ሁለቱን ጉዳዮች እናገናኛቸዋለን፦ ልጆቹ ከቤተሰቡ ጋር ሆነው የሚሠሩት፣ በአያት ግቢ ውስጥ አረም የሚቆርጥ፣ በርቀት የሚነዳ ሮቦት።

ምሳሌያችን ከሚሴ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሄደ ሰው አዲስ አይደለችም፤ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን የምናገኛት፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 1,400 ሜትር በመሆኑ ሞቃት ናት። አጠገቧ በቦርከና ወንዝ የሚርሰው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። ሙቀትና ውሃ ባለበት ምድር የተዘራውም ያልተዘራውም ቶሎ ይበቅላል። ያልተዘራው ነው ዛሬ የሚያነጋግረን።

ግቢውን የሚያርመው ማን ነው?

እኔ በምሠራበት የግብይት ሙያ አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ይህ ነገር የማንን ችግር ያቃልላል? ሮቦት ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞተሩና ወደ መብራቱ ነው። እናንተ ግን ከሰው ጀምሩ። ግቢውን የሚያርመው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ወይም ሴት አያት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ፣ ወይም ለአንድ ቀን ሥራ የተጠራ የሠፈር ልጅ። በምን ያርማሉ? በማጭድ፣ በመኮትኮቻ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በባዶ እጅ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ የሚያርሙት ምንድን ነው? በወሎ መንገድ ዳርና በየግቢው ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው፣ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሸነሸነ ተክል አይታችሁ ይሆናል። ቅንጨ አረም ነው፤ በሳይንሱ ስም ፓርቴኒየም ይባላል። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ምድር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደሆነ፣ ለመስፋፋቱም ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር የተቀላቀለ ዘር አንዱ ምክንያት እንደነበር ይታመናል። አንድ ተክል ብቻውን 15,000ና ከዚያ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል። ዘሩ በጎማ ጭቃ፣ በከብት ሰኮና፣ በጎርፍ ይጓዛል። ከሚሴን የመሰለች በአውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ ከብት ወደ ጨፋ ሲወርድና ሲወጣ የምታይ ከተማ ለዚህ ዘር በሯ ክፍት ነው።

ከቤተሰብ ጤና አንጻር ቅንጨ አረም ከሌላው አረም የሚለየው በሰው ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሲነኩት የብዙ ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል። ብናኙ አፍንጫ ያስነጥሳል፤ አስም ያለበትንም ሰው ያስጨንቃል። ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ በየንክኪው እየባሰበት ሊሄድ ይችላል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። እናታችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ክንዷን የምታክክ፣ ማታ ማታም የምትስል ከሆነ ብርዱን ብቻ አትጠርጥሩ፤ ቀን ምን ስታርም እንደዋለች ጠይቁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ይህንኑ እንድትናገር አደራ በሏት።

እንግዲህ ለዚህ ግቢ የሚሠራ ሮቦት ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው፦ በአረሙና በሰው ቆዳ፣ በአረሙና በሰው ሳንባ መካከል 15 ሜትር ያህል ርቀት ያስገባል። እናታችሁ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ከአረሙ ጋር የሚታገለው ብረቱ ይሆናል።

ሆኖም ከወዲሁ እንተማመን። መቁረጥ ቅንጨ አረምን አያጠፋውም። የተቆረጠው ግንድ ከታች መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚያጠፋው ከማበቡ በፊት ከነሥሩ መንቀል ነው። ስለዚህ የሮቦቱ ድርሻ አረሙ አበባ እንዳያወጣ፣ ዘርም እንዳይጥል በየጊዜው እየዞረ መቁረጥ ነው። የሰው ድርሻ ደግሞ መሬቱ ርሶ ሳለ አጭሩንና አበባ የሌለውን ቡቃያ ጓንት አድርጎ፣ ረጅም እጅጌ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መንቀል ነው። ለአንድ ጊዜ ሥራ ሮቦት መሥራት ትርፉ ድካም ነው። በየሦስት ሳምንቱ ለሚደጋገምና ሰውን ለሚጎዳ ሥራ ግን ዋጋ አለው።

ሮቦት ስንል

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሶፊያን ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ስትናገር ያላያት የለም። በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ተሳትፈዋል። የዚያን ጊዜ የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ጠፍቶ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ቃሉ ራሱ ግን ፊትም ፈገግታም አይጠይቅም። «ሮቦት» የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣ ተውኔቱ ነው። የተወሰደውም በቼክኛ የግዴታ ጉልበት ሥራን ከሚያመለክት ቃል ነው። በርቀት መንዳትም ቢሆን የትናንት ነገር አይደለም። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ በተሰበሰበ ሰው ፊት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ ሲነዳ አሳይቷል። ዛሬ እናንተ ከሚሴ ግቢ ውስጥ የምትሠሩት ሥረ ሐሳቡ ያው ነው፤ በጀልባው ቦታ ጋሪ ገባበት እንጂ።

«በራሱ የሚሄድ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። የስዊድኑ ሁስክቫርና በፀሐይ ኃይል በራሱ እየዞረ ሣር የሚቆርጥ ማሽን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች የተሠሩት ለተስተካከለ ሣር፣ ብዙዎቹም ድንበሩ በሽቦ ለተከለለ መስክ ነው። የኛ ግቢ ሌላ ነው። ዶሮ ከነጫጩቶቿ ትዞራለች፤ ለበዓል የተገዛ በግ ታስሯል፤ የውሃ ጎማ ተዘርግቷል፤ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ሳይታሰብ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው በርቀት የሚነዳውን የመረጥኩላችሁ፤ ወጪውም ሥራውም ይቀንሳል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

በአገራችን ካለው ነገር ተነስቶ መሥራት አዲስ አይደለም። በሙያው የጤና ባለሙያ የሆነው አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለማብረር ሲሞክር ዓለም ተገርሟል። ሞተሩ ከአሮጌ ፎልስዋገን የመጣ ነበር። የናንተ ጋሪ ከምድር አይነሳም፤ ስለዚህ ሥራው ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው።

ከአካሉ እንጀምር። 60 ሴንቲ ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ከቀጭን ቱቦላሬ ይበየድ። ብየዳው የበያጅ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ልኩን ይሥሉ፣ ይለኩ፣ ያዘጋጁ እንጂ ብየዳውን አይንኩ። ከኋላ ሁለት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የእጅ ጋሪ ጎማዎች፣ ከፊት እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ በራሱ የሚዞር አንድ ጎማ ይበቃል። መሪ አያስፈልገውም። የግራው ጎማ ቆሞ የቀኙ ከሄደ ወደ ግራ ይዞራል፤ የቀኙ ቆሞ የግራው ከሄደ ወደ ቀኝ።

ሁለቱን ጎማዎች የሚያዞሩት ከአሮጌ መኪና የሚፈቱ የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ናቸው። ቀስ ብለው ነገር ግን በኃይል ይዞራሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 45 ጊዜ ቢዞር፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ ጎማ በደቂቃ 42 ሜትር፣ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የሽማግሌ እርምጃ ነው፤ እንዲፈጥን አትመኙ። ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና የወጡት ይበረታሉ፤ ግን ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሁለቱም ሞተሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አለዚያ ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነጥብ አለ። የብዙ መጥረጊያ ሞተሮች ነጌቲቭ ሽቦ ከሞተሩ ብረት አካል ጋር የተያያዘ ነው። መኪና ላይ ሞተሩ የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም። ሮቦት ላይ ግን ወደ ኋላ ለመሄድ ፖዘቲቩና ነጌቲቩ ይቀያየራሉ፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ አካል አልፎ ወደ ክፈፉ ይመጣል። ሁለቱም ሞተሮች በአንድ ብረት ላይ ከታሰሩ ሾርት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተሮቹን ከክፈፉ ጋር ስታስሩ በመካከል ጎማ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አድርጉ፤ ብሎኑም ብረት ለብረት እንዳይነካካ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ ዘንጉ ከጎማው ጋር የሚገናኝበትም ቦታ እንዲሁ። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይህን በአምስት ደቂቃ ፈትሾ ይነግራችኋል።

አረሙን የሚቆርጠው ሦስተኛው ሞተር ነው። የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፋን ሞተር በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ፈጣን፣ ከአሮጌ መኪና የሚገኝ ነው። ፋኑን አውልቃችሁ የሣር መቁረጫ ናይለን ክር የሚታሰርበት ክብ ራስ ትገጥሙለታላችሁ። የብረት ምላጭ አትግጠሙ። ብረት ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፤ የተሰበረው ስባሪ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ናይለኑ ለጋ አረም ይቆርጣል፤ እንጨት የሆነ ግንድ ግን አይበግረውም። ይህ ጉድለት መስሎ ቢታያችሁም ወደ ትክክለኛው ልማድ ይወስዳችኋል፤ አረሙ ሳይጠነክር፣ ሳያብብ እንድትቆርጡት ያስገድዳችኋል። የመቁረጫው ዙሪያ እስከ መሬቱ በሚቀርብ የላሜራ ሽፋን ይከለል።

አእምሮውና ልቡ

የሮቦቱ አእምሮ ኢኤስፒ32 የሚባል፣ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። ራሱ ዋይፋይ ይፈጥራል፤ ልጃችሁ በስልኳ ከዚያ ዋይፋይ ጋር ትገናኝና በስክሪኑ ላይ ባሉት ቁልፎች ትነዳለች። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የስልክ ካርድም አይበላም። ክፍት በሆነ ግቢ ውስጥ 20 እና 30 ሜትር ላይ ሆኖ ለማዘዝ ይበቃል። ከሰሌዳው የሚወጣው ትእዛዝ ደካማ ስለሆነ ለሞተሮቹ ኃይሉን የሚያሳልፍ «የሞተር ድራይቨር» የሚባል ሌላ ሰሌዳ በመካከል ይገባል። እነዚህን ዕቃዎች አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ከሚሸጡ ሱቆች ማግኘት ይቻላል፤ ብረታ ብረቱንና አሮጌ ሞተሩን ግን እዚያው በአቅራቢያችሁ ጋራዥ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጉ።

ፕሮግራሙን ማን ይጽፋል? የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ከተመራ ይችላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ የፕሮግራም መሠረታውያንን ከዚያ መጀመር ይቻላል። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የሚማር የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ለክረምት ከመጣ አንድ ሁለት ከሰዓት በኋላ እንዲያግዛችሁ ለምኑት። የቤታችሁ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፍ የማታገኘውን ከእርሱ ትማራለች።

ልቡ ባትሪው ነው፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 12 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህን ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራልና 240ውን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለቱ የጎማ ሞተሮች 80 ዋት፣ መቁረጫው 150 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 230 ዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ያሠራችኋል ማለት ነው። መቁረጫው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ከቆረጠ በደቂቃ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 500 ካሬ የሆነ ግቢ፣ ቤቱና ሲሚንቶው ሲቀነስ፣ መዞሪያና መደራረቢያው ሲጨመር በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ባትሪ ስትገዙ ለሶላር የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ዓይነት ጠይቁ። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአንድ አፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ በየጊዜው እየወረደ ሲሞላ ቶሎ ይደክማል። 100 ዋት የሆነ የፀሐይ ፓነል ከቻርጅ መቆጣጠሪያ ጋር ካላችሁ ፀሐይ በወጣበት አንድ ቀን የተጠቀማችሁትን ይመልስላችኋል፤ መብራት ሄደ አልሄደ አያሳስባችሁም። ከሚሴ ሙቀቷ ብርቱ ነውና ባትሪውን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትተዉት፤ አየር የሚያገኝ ጥላ ይፈለግለት።

ከሁሉ በፊት ማቆሚያው

አንድ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ከማሰባችሁ በፊት እንዴት እንደሚቆም አስቡ። አራት ነገሮች ሳይሟሉ መቁረጫው አይገጠም።

አንደኛ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይኑር፤ ለመቁረጫውም ለብቻው ሌላ ፊውዝ። ሁለተኛ፣ ከጋሪው በስተኋላ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲጫኑት ሁሉንም ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ትልቅ ቀይ ማቆሚያ ይኑር። ሦስተኛ፣ ስልኩ ቢጠፋ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ዋይፋዩ ቢቋረጥ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሦስቱም ሞተሮች በራሳቸው እንዲቆሙ ፕሮግራሙ ይጻፍ። አራተኛ፣ መቁረጫው የሚዞረው ቁልፉ ተጭኖ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ይሁን፤ ጣት ሲነሳ ይቁም።

ሦስተኛውን ፈትኑት። ጋሪውን ጡብ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ እየዞሩ ስልኩን አጥፉት። ካልቆመ ወደ ግቢ አይወጣም። ይህን ፈተና በየክረምቱ መጀመሪያ ድገሙት።

ናይለን ክር ጠጠር ይወረውራል። ስለዚህ በሚቆርጥበት ጊዜ ማንም ሰው ከ15 ሜትር አይቅረብ፤ የሚነዳው ሰው የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። ልጆች የሚነዱት አዋቂ አጠገባቸው ቆሞ ብቻ ነው። ነፋሱ ከናንተ ወደ ጋሪው በሚነፍስበት በኩል ቁሙ፤ አለዚያ የሸሻችሁት ብናኝ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ሥራ ሲያልቅ ባትሪውን ነቅላችሁ ጎማውንና ሽፋኑን እዚያው ግቢ ውስጥ እጠቡ። የአረሙን ዘር ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ የሚያጓጉዝ ጎማ የናንተ እንዳይሆን።

ለጎረቤትም ንገሩ። በርቀት የሚንቀሳቀስ ነገር ድንገት ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚበር ነገር፣ ድሮን ከሆነ፣ ለማስገባትም ለማብረርም የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ከምድር የማይነሳ ጋሪ ነው። ይህንኑ ሰው እንዲያውቀው በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጎረቤትና የቀበሌ ሰው በተገኙበት አስነሱት። ቡናም አፍሉ። ከዚያ ወዲያ «ለኛስ መቼ ነው የምታመጡልን?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ቁልፉ በማን ቋንቋ ይጻፍ?

ልጆች ስክሪኑን ሲሠሩ ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀናቸዋል። የሚነዱት እነርሱ ብቻ ከሆኑ ጥሩ። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ እነርሱ ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ፤ አረሙ ግን አይመለስም። ሮቦቱ እዚያ የሚቀረው ከአያት ጋር ነው። ስለዚህ ቁልፉ በአያት ቋንቋ ይሁን። በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የብዙ ቤት ቋንቋም እርሱ ነው። ወደ ፊት «ፉልዱራ»፣ ወደ ኋላ «ዱባ»፣ ቀኝ «ሚርጋ»፣ ግራ «ቢታ»፣ ቁም «ዻቢ»። አማርኛ ብቻ የሚችል የልጅ ልጅ ሮቦቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ለምን ዱባ እንደሚነካ ሲጠይቅ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ በዚያው አንድ የአያቱን ቃል ይማራል። ማንበብ ለሚከብዳቸው ደግሞ ቀስት ይሣል፤ የማቆሚያው ቁልፍ ቀይና ከሁሉም የበለጠ ይሁን።

አያት መንዳት አይችሉም አትበሉ። ስልክ ደውለው ልጅ ልጆቻቸውን የሚያነጋግሩ እናት አምስት ቁልፍ አያቅታቸውም። መጀመሪያ መቁረጫው ሳይገጠም፣ ሁለት ሦስት ቀን ባዶውን ጋሪ በግቢው ይንዱ። ወደ ጓሮ ስኒ እንዲያደርስ ይላኩት። እጃቸው ሲለምድ መቁረጫው ይገጠም።

የክረምቱ መርሐ ግብር

ሰኔ ለመሰብሰቢያና ለመበየጃ ይሁን፤ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ጽፋችሁ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። የሐምሌ መጀመሪያ ለሽቦና ለፕሮግራም። በሐምሌ አጋማሽ ባዶውን ጋሪ ንዱ። ከዚያ በኋላ በየ3 ሳምንቱ አንድ ዙር ይቆረጥ፤ አረሙ አበባ ለማውጣት ከ4 ሳምንት ጀምሮ ስለሚደርስ 3 ሳምንት ሲሆን ትቀድሙታላችሁ። ከየዙሩ በኋላ አንድ ዝናብ ጠብቃችሁ መሬቱ ሲለሰልስ አጥር ሥርና ግድግዳ ጥግ ሮቦቱ ያልደረሰበትን፣ መልሶ ያቆጠቆጠውንም በጓንት ንቀሉ። ባዶ የቀረውን መሬት ደግሞ ሣር ትከሉበት። ቅንጨ አረም ባዶ መሬት ይወዳል፤ ሣር የያዘውን መሬት ግን በቀላሉ አይወርስም።

ጭቃው ጎማ በሚይዝበት ቀን ሮቦቱ ይረፍ። የክፈፉ ክብደት ከነባትሪው ከ25 ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሁለት ሰው አንስቶ ወደ ጥላ ሊያስገባው ይችላል። ሽቦዎቹ ዝናብ በማይገባበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁኑ፤ ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ በኩልም ውሃ እንዳይሰርግ ሣጥኑ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ ይቀመጥ።

እንግዲህ ሥራው ተሳካ የምትሉት መቼ ነው? ልጆቹ ሮቦቱ ሲሄድ የቀረጹትን ቪዲዮ ዘመድ ሁሉ ሲያየው ደስ ይላል፤ ደስም ይበላችሁ። ትክክለኛውን ውጤት ግን መስከረም ላይ የምታገኙት ግቢውን ሲያርም ከኖረው ሰው ነው። ዘንድሮ ክንዷ አሳከካት? ሌሊት ሳለች? ለምሽቱ ጸሎት ስትነሳ ወገቧ እንዴት ነበር? መልሱ ከአምናው የተሻለ ከሆነ ያ ከአሮጌ መጥረጊያና ከአሮጌ ፋን የተሠራ ጋሪ ገንዘቡን መልሷል።

ውጤታችሁን ብትጽፉልን በደስታ እናነባለን።